ሁለቱም ጡቶች ከተነሱ በኋላ ቤት ውስጥ ማገገም፦ ከአንዲት ልብስ ሰፊ

አንድ ጡቷ የተነሳላት ሴት ቢያንስ አንድ ደህና እጅ ይተርፋታል። በዚያኛው ተደግፋ ትነሳለች፣ በዚያኛው ሻይ ትቀዳለች። ሁለቱም ሲነሱ ግን ሁለቱም እጆች እኩል ሥራ ይፈታሉ። ዝግጅቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፦ ሳታነሺ፣ ሳትገፊና ሳትጎትቺ እንዴት ትውያለሽ?

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ እንጀራዬ ነው። የምጽፍልሽ ሐኪሙ የነገረኝን፣ ነርሷ ያሳየችኝንና ራሴ ቤት ውስጥ ያበጀሁትን ነው። የአንቺ ሐኪም የተለየ ነገር ካለሽ እሱን ስሚ።

ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት

ፀጉርሽን ተሠሪ። ብዙ ቀን ማበጠሪያ የማይፈልግ ሹሩባ ይሁን፤ እጅሽ ለጊዜው ከራስሽ አይደርስም። ከዚያ ቤቱን ዙሪ። ከላይ መደርደሪያ ያለው ስኳር፣ ስኒ፣ መድኃኒት ይውረድ። መሬት ላይ ያለው ደግሞ ወገብሽ ጋ ይምጣ። ክዳናቸው የሚጠብቅ ዕቃዎችን አስቀድመሽ አላልተሽ አስቀምጪ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይታወቅ።

ለመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ከ2 ኪሎ የበለጠ አታንሺ ይሉሻል። 2 ኪሎ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ነው የሚገባሽ። ሙሉ ማንቆርቆሪያ ይበልጠዋል። ዘንቢል፣ አክንባሎ፣ ሕፃን ልጅ፣ ሁሉም በሰው እጅ ይነሳ።

ልብስን በተመለከተ፣ በራስ የሚጠለቅ ነገር ሁሉ ይቅር። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ይበቃል። ብብቱ ከጠበበሽ ስፌቱን ተርትሪና አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገቢበት። አዲስ ልብስ አትግዢ፤ ደምና አዮዲን ይነካዋል።

ድሬን የሚሉት ነገር

ከግራና ከቀኝ ጎንሽ ቀጫጭን ትቦዎች ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ፈሳሽ የሚያጠራቅም፣ ሲጨመቅ የሚስብ ትንሽ መያዣ አለ። ድሬን ማለት ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ትልቁ ሥራሽ እሱን መንከባከብ ይሆናል።

ድሬኑ መንጠልጠል የለበትም። ከተንጠለጠለ ቆዳሽን ይጎትታል፤ የበር እጀታ ከያዘውማ አትጠይቂኝ። እኔ ከአቡጀዲድ ቀበቶ ሰፋሁለት። ወገብሽን ዞሮ ለመታሰር የሚበቃ ርዝመት ቁረጪ። የታችኛውን ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ እጠፊው። በስፌት ከፋፍለሽ ኪስ አድርጊው። ለያንዳንዱ ድሬን አንድ ኪስ። ሁለት ቀበቶ ስፊ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ታጠቂ። መስፋት የማትችይ ከሆንሽ በመርፌ ቁልፍ ሸሚዝሽ ላይ ከውስጥ አያይዥው። ትቦውን ራሱን ግን እንዳትወጊው።

ጠዋትና ማታ ይደፋል፤ ግማሽ ከሞላ ሰዓቱ እስኪደርስ አትጠብቂ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ትቦው ከቆዳሽ የሚወጣበትን ቦታ በአንድ እጅ ጣት ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ በሌላው ትቦውን እየጨመቅሽ ወደ ታች ሳቢው። ውስጡ የረጋ ደም ካለ ይወርዳል። ክዳኑን ክፈቺና በመለኪያው ገልብጪ። ከዚያ መያዣውን አየሩ እስኪወጣ ጨምቀሽ፣ እንደተጨመቀ ክደኚው። አየር ከገባበት መሳቡን ያቆማል።

መጠኑን ጻፊ። እኔ የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ለራሴ ያዝኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ሚሊ ሊትር። ቀኝና ግራው እኩል አይደርቅም፤ ስለዚህ አትደምሪው። ብዙ ሐኪሞች አንዱ ድሬን በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆንና ሁለት ቀን በዚያው ሲቆይ ያወጡታል። ቀለሙም ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቀጭን ሻይ ዓይነት ይቀየራል። ድንገት ደማቅ ቀይ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ከሞላ ወይም አንዱ ወገን ካበጠ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

አልጋና እንግዳ

በጀርባሽ፣ ከወገብሽ በላይ ቀና ብለሽ ትተኛለሽ። ከኋላ ትራስ ይደራረብ፤ ከሁለቱም ክንዶችሽ ሥርም አንዳንድ ይግባ። አንድ ትንሽ ትራስ ደረትሽ አጠገብ ይኑር፤ ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ እቅፍ ታደርጊዋለሽ። በታክሲም ሆነ በሰው መኪና ስትሄጂ ያው ትራስ በቀበቶውና በደረትሽ መካከል ይገባል።

ለመነሳት ጉልበትሽን እጠፊ፣ እግርሽን ከአልጋው አውርጂና በሆድሽና በጭንሽ ኃይል ቀና በይ። የሚያግዝሽ ሰው እጁን ከጀርባሽ ይስደድ። እኛ አገር በሽተኛ የሚነሳው ብብቱ ተይዞ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ለቤተሰቡ ከልክዪ።

እንግዳ ደግሞ ይመጣል። እግዜር ይማርሽ ሊል የመጣ ዘመድ አቅፎና ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ካልሳመ የጠየቀ አይመስለውም። በር ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልግሻል። ልጄ ይህን ሥራ በደስታ ወሰደችው። «እማዬን በሩቁ ነው!» ትላለች፤ በሕፃን አፍ ማንም አይቀየምም። ቡናው ይፈላ፣ ጭሱ ግን ከክፍልሽ ይራቅ። ማሳል ያማል።

የሚያመጡትን ምግብ ተቀበዪ። ቁስል የሚሽረው በእንቁላል፣ በምስር፣ በአተር፣ በዓሣና በሥጋ ነው። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ትራማዶልና መሰል ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ እዚያ ላይ ተልባ፣ ፓፓያና ብዙ ውሃ ያግዛል። ማስታገሻውን ሕመሙ እስኪበረታ ሳትጠብቂ በሰዓቱ ዋጪ። ፓራሲታሞል እየወሰድሽ የጉንፋን ኪኒን አትጨምሪ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። አስፕሪንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም።

ቁስሉ ላይ ማር፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚል መካሪ አይጠፋም። አመስግኚና እለፊው። ጸበል መጠመቁም ቁስሉ እስኪዘጋ ይቆይ። ገላሽን በእርጥብ ፎጣ ከወገብ በታችና ፊትሽን ታጠቢ፤ ሻወር የምትገቢበትን ቀን ሐኪሙ ይነግርሻል።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል ወይም ሽታ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። የባትሽ ማበጥና መታመም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረሽ በዚያው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ያለብሽ።

እጅን መመለስ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣት መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርን ማጠፍ፣ ትከሻ ማንከባለል ትችያለሽ። ክንድ ከትከሻ በላይ ማንሳቱ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ድሬኑ እስኪወጣ ነው። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቁሚና ጣቶችሽን ወደ ላይ አራምጂ። የደረስሽበትን ምልክት አድርጊ። እኔ የልብስ ጠመኔዬን ተጠቀምኩ፤ የቀኝና የግራው መስመር ጎን ለጎን። መሳብ ሲሰማሽ ቆም በይ፣ ተንፍሺ። የሚወጋ ሕመም ከሆነ ተመለሺ። ክንድሽ ውስጥ ከብብት ወደ ክርን እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር ከዳሰስሽ ለሐኪምሽ ወይም ለፊዚዮቴራፒስት አሳዪ።

ይህን መልመጃ አትስነፊበት። ቀጥሎ የጨረር ሕክምና ከታዘዘልሽ ክንድሽ ከራስሽ በላይ ተነስቶ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። የማይነሳ ክንድ ሕክምናውን ያጓትታል። የፓቶሎጂ ውጤቱንም (የወጣው ሥጋ ተመርምሮ የሚሰጠውን ወረቀት) ስትቀበዪ ኮፒ አንሺ፤ ከዚህ በኋላ በሄድሽበት ሁሉ ይጠየቃል።

ድሬን ከወጣ በኋላ ከቆዳ ሥር ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ሐኪም በመርፌ ይቀዳዋል። ቤት ውስጥ አይነካም።

ንፍፊት (በብብት ሥር ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች) ከብብትሽ ከወጣ በዚያ ወገን የደም ግፊት አይለካ፣ መርፌም አይወጋ ይላሉ። ከሁለቱም ከወጣ ከየት እንደሚለካልሽ አስቀድመሽ ጠይቂና ወረቀት ላይ ይዘሽ ሂጂ። እጅሽን ከቁርጥና ከቃጠሎ ጠብቂ፤ ሽንኩርት ስትከትፊም ዕቃ ስታጥቢም ጓንት አድርጊ።

ደረትሽ

መስታወት ፊት የምትቆሚበትን ቀን አንቺ ምረጪ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ጫፍና ጫፉ መገጣጠሙን አየሁ። ወደ ብብት በኩል ቆዳው ትንሽ ተሰብስቦ ተርፏል፤ ጨርቅም እዚያ ቦታ ላይ ያስቸግራል። ሐኪሙ ደህና እጅ አለው አልኩ። ያለቀስኩት በኋላ ነው፣ ረጅም ሰዓት። ባለቤቴ ማየት ሲፈልግ ጠየቀኝ፤ መጠየቁን ወደድኩለት።

ቆዳው ይደነዝዛል። አንዳንዴ የሌለው ጡት ሊያሳክክሽ ይችላል። ልብስ ሰፊዎች ስፒል ደረታችን ላይ መሰካት ልማዳችን ነው፤ ሥራ ስጀምር ይህን ተውኩት፤ ብወጋም አይሰማኝማ። ትኩስ የውሃ ላስቲክም ደረት ላይ አታድርጊ፤ ሳይታወቅሽ ያቃጥላል። የስፌት መኪናውን ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ቀለል ባለ ጠርዝ መስፋት ጀመርኩ። ካውያው ቆየ፣ ከባድ ነው።

የጡት ምትክ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም፣ የራስሽ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ስለተነሱ ሚዛን አያጋድልሽም፤ ያለምንም ነገር ብትሄጂም ትከሻሽ አይጣመምም። ከፈለግሽ ቁስሉ እስኪድን ጠብቂና በጥጥ ጀምሪ። ሽቦ የሌለው ጡት መያዣ ውስጡን በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ገብሪው፤ ጎኑን ሳትሰፊ ክፍት ተዪው። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ ጠባሳውን እንዳይፈትግ። የተፈለፈለ ጥጥ በሁለቱም ወገን እኩል መዝነሽ በክፍቱ አስገቢ። መጠኑን ከድሮው ጋር ማመሳሰል ግዴታ የለብሽም፤ እኔ ቀነስኩት። ስታጥቢው ጥጡን አውጪ፤ አብሮ ከታጠበ ይቋጠራል።