ጊታር ይዞ ፒያሳ ለሚወጣ

ደሴ ላይ ብሉዝ መንገድ ዳር ለመጫወት ያሰባችሁ ልጆች፣ አሥር ዘፈን እስክታጠኑ አትጠብቁ። የብሉዝ መሠረት የሆነውን ባለ 12 ባር (12 የምት ክፍል) ዙር በኢ፣ በኤ እና በቢ ሰቨን ኮርዶች ሳትቆሙ ማዞር ከቻላችሁ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ደግሞ ለኛ ባዳ አይደለም፣ ኖታዎቹ ከኛው ቅኝት ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ናቸው፣ ስለዚህ መሃል ላይ ወደ ባቲ ጠጋ ስትሉ አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል (ወሎ ነን እኮ!)። ሱቅ ደጃፍ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ አዛን ሲል አቁሙ። የጊታሩን ቦርሳ ክፈቱና ራሳችሁ ጥቂት ብር ጣል አድርጉበት፣ ባዶ ቦርሳ ላይ ደፍሮ የሚጀምር የለም። አመሻሽ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ክሩም ቅኝቱን ይለቃል፤ እኔ ሳላስተካክል ጀምሬ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ መጀመሪያ ቃኘው» ብለውኛል።