የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰሜኑን ሊጎበኝ ሲሄድ ዜናውን እንዴት እንከታተለው?

ሁሌ የምናየው ያው ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ይላል፣ ከወታደሮች ጋር ፎቶ ይነሳል፣ የሆነ ያህል ሚሊዮን ዶላር መድበናል ይላል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ሁሉ ይጠፋል። እዛ ለሚኖረው ህዝብ ግን ዋናው ጉዳይ ገና መጀመሩ ነው። እዚህ ካናዳ የምንኖር ግብር የምንከፍል የምንመርጥ ሰዎች ደግሞ በደንብ ልንከታተለው ይገባል ብዬ ስለማምን እንዴት እንደሚከታተሉት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካርታ ክፈቱ። የት ነው ያረፈው? ሰሜኑ ሶስት ቴሪቶሪ ነው፣ ዩኮን፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ እና ኑናቩት። ኑናቩት ብቻውን ወደ 2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎሜትር ይሆናል፣ በ2021 ቆጠራ የተገኘው ህዝብ ግን 37 ሺህ አይሞላም፣ ያውም 25 ቦታ ተበታትኖ፣ እነዚህን ቦታዎች እርስ በርስም ሆነ ከደቡቡ ጋር የሚያገናኝ መንገድ የለም፣ ሰው በአውሮፕላን ነው የሚሄደው፣ ከባድ እቃ ደግሞ በረዶው ቀልጦ ባህሩ ሲከፈት በበጋ በመርከብ ይመጣል። ስለዚ ኢቃሉዊት ወይ የሎናይፍ ወይ ዋይትሆርስ ላይ ብቻ አርፎ ከተመለሰ ዋና ከተማ አየ ማለት ነው፣ ግሪስ ፊዮርድ ወይ ሬዞሉት በሚባሉት ሩቅ የኑናቩት ትንንሽ መንደሮች ያለ ሰው እንዴት እንደሚኖር አየ ማለት አይደለም። ወሩንም እዩ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ስቴፈን ሃርፐር ከ2006 እስከ 2014 በየዓመቱ በጋ ላይ ሰሜኑን ይጎበኝ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ነሐሴ አካባቢ፣ ያኔ ቀኑ ረጅም ነው ብርዱም ቀላል ነው፣ የክረምቱን ጨለማ አይቶ የሚመለስ መሪ ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነው፣ የገንዘቡ ነገር። ቁጥሩን ስትሰሙ ሶስት ነገር ጠይቁ፣ ይሄ ገንዘብ አዲስ ነው ወይስ ባለፈው ባጀት የተነገረ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ስራውስ የሚያልቀው መቼ ነው። መንግስት ከንግግሩ ጋር ዝርዝር ማብራሪያ ድረገፁ ላይ ያወጣል፣ ንግግሩን ትታችሁ እሱን አንብቡ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ከዛ የመጨረሻውን ቀን ፃፉና አስቀምጡ፣ ይሄን ካላደረጋችሁ በቃ ትረሱታላችሁ።

ለምን እንደዚህ እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። በነሐሴ 2007 ሃርፐር ሬዞሉት ላይ ቆሞ ሁለት ነገር ቃል ገባ፣ አንዱ እዛው ሬዞሉት የወታደር ማሰልጠኛ፣ ሌላው ናኒሲቪክ በሚባል የድሮ የማዕድን ቦታ ለባህር ሃይል መርከቦች ነዳጅ መሙያ ወደብ። ማሰልጠኛው በ2013 ተከፈተ። ወደቡ ግን እቅዱ ተቀነሰ፣ ቀኑ ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ፣ ከአስር ዓመት በላይ አልፎም ስራ አልጀመረም። አንድ ቀን፣ አንድ ንግግር፣ ሁለት የተለያየ ውጤት! ኑናቩት ውስጥ ኬምብሪጅ ቤይ ላይ ይሰራል የተባለው የምርምር ጣቢያ ደግሞ ቦታው በ2010 ተመርጦ የተመረቀው በ2019 ነው፣ ያስመረቀው የሚቀጥለው መንግስት ነው ማለት ነው። ግን መዘግየት ሁሉ ክፋት ነው እንዳትሉ፣ እዛ ግንባታ በራሱ ከባድ ነው። ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ውስጥ ከኢኑቪክ ቱክቶያክቱክ የሚወስደውን መንገድ ሃርፐር በጥር 2014 ስራውን አስጀመረ፣ በህዳር 2017 ተከፈተ፣ አፈሩ ከስር ሁሌ በረዶ ስለሆነ እንዳይቀልጥባቸው ብለው ዋናውን ስራ በክረምት ነው የሰሩት። እቃ የጫነችው መርከብ ደግሞ የበጋው ጊዜ ካመለጣት አንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው። ስለዚ ስትፈርዱ ይሄንንም አስቡበት።

ሌላው ማን ተናገረ የሚለው ነው። ፎቶው ላይ ከኋላ የቆሙት ሰዎች እነማን ናቸው? የኢኑዊት፣ ማለትም የሰሜኑ ነባር ህዝብ፣ ብሄራዊ ድርጅት የሆነው ኢኑዊት ታፒሪት ካናታሚ ምን አለ፣ የከተማው ከንቲባስ? ይሄን ከትልልቆቹ ሚዲያዎች ይልቅ ሲቢሲ ኖርዝ እና ኑናትሲያቅ ኒውስ በሚባሉት የሰሜኑ ሚዲያዎች ላይ ነው በደንብ የምታገኙት። እኔ እንደሚመስለኝ ከነዚህ ጉብኝቶች ሁሉ በጣም ክብደት ያለው መጋቢት 2019 ከሃርፐር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጀስቲን ትሩዶ ኢቃሉዊት ሄዶ ይቅርታ የጠየቀበት ነው። ከ1940ዎቹ እስከ 60ዎቹ ድረስ በሳንባ ነቀርሳ የታመሙ ኢኑዊቶችን በመርከብ ወደ ደቡብ እየወሰዱ ብዙ ሰዎች እዛው ሞተው ቀሩ፣ ቤተሰብ የት እንደተቀበሩ እንኳን ሳይነገረው አስርት ዓመታት አለፉ፣ ልጅ እናቱ መቃብር ላይ ቆሞ ማልቀስ እንኳን ተከለከለ ማለት እኮ ነው። ያን ቀን ከይቅርታው ጋር ቤተሰቦች መቃብሩን የሚያፈላልጉበት ፕሮግራም ይፋ ሆነ። እንደዚህ አይነቱን ስትከታተሉ የምትጠይቁት ስንት ዶላር ወጣ ሳይሆን ስንት ቤተሰብ መቃብሩን አገኘ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ መከላከያ ሆኗል። ማርክ ካርኒ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ስልጣን በያዘ ሳምንት ሳይሞላው በመጋቢት 2025 ኢቃሉዊት ሄዶ ከአውስትራሊያ ጋር ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ራዳር እንሰራለን አለ። ጥሩ፣ እሱንም መዝግቡት፣ ግን ከጎኑ ስለ ቤት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብ ዋጋ ምን ተባለ የሚለውንም ፃፉ፣ ምክንያቱም ኢቃሉዊት በ2021 የቧንቧ ውሃዋ ውስጥ ነዳጅ ገብቶ ህዝቡ ውሃው አይጠጣም የተባለባት ከተማ ነች።

ሶስቱም ቴሪቶሪዎች ፓርላማ ውስጥ ያላቸው አንድ አንድ ወንበር ብቻ ነው፣ ከ343 ወንበር ሶስት፣ ድምፃቸው በቁጥር ሚዛን አይደፋም። ስለዚ የፃፋችሁት ቀን ደርሶ ስራው ካላለቀ ቶሮንቶም ካልጋሪም ብትሆኑ የራሳችሁን የፓርላማ ተወካይ ጠይቁ፣ በኢሜይል ወይ በደብዳቤ፣ ፓርላማ ለሚገኝ ተወካይ የሚላክ ደብዳቤ ቴምብር እንኳን አያስፈልገውም፣ ፕሮጀክቱን በስሙ ጥሩት፣ ቃል የተገባበትን ቀንና ቦታ ፃፉ፣ አሁን ምን ላይ ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።