ሞተር ቆማ ከወደቀች አስነስቶ መሄድ አይበቃም

በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር አቁመው ዞር ሲሉ፣ የማቆሚያው እግር ጭቃው ውስጥ ይሰምጥና ሞተሯ ዘጭ ትላለች። ብዙ ሰው ያፍርና ቶሎ አንስቶ ይሄዳል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ፤ የነዳጅ መዝጊያ ካላት ዝጉት። ካነሳችኋት በኋላ ቤንዚን ወይም ዘይት ፈሶ እንደሆነ መሬቱን እዩ። ወደ ጎን የሄደው ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩአት።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ጋዙን፣ ማለትም በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘውን የነዳጅ መስጫ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው እያዞራችሁ ጋዝ ሰጥታችሁ ልቀቁት። በራሱ ቶሎ ካልተመለሰ በፍጹም አትንዱ። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ አስነሱና መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ገመድ ተወጥሯል ወይም ተይዟል ማለት ነው።

የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን እጀታ ከተጣመመ በጉልበት አታቃኑት። አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቅና ሌላ ቀን ድንገት እጃችሁ ላይ ይሰበራል። በግራ ወድቃ ከሆነ የማርሽ መርገጫውን፣ በቀኝ ከሆነ የኋላ ፍሬን መርገጫውን እዩ፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ስፖኪዮና ፍሬቻ ግን ሲሰበር በዓይን ይታያል።

በተለይ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ፣ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነውና ሁለቱንም ፍሬን ሜዳው ላይ በዝግታ እየነዳችሁ ሳትሞክሩ አትጀምሩት።