ኮምፒውተር እንዴት እንደሚቆጥር በብይና በእንጨት ለሕዝብ ማሳየት

ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ብቻ እንደሚሰራ ተማሪዎቻችን ከመጽሐፍ ያነባሉ፤ አይተውት ግን አያውቁም። ለማየት የሚያስፈልገው አራት ተገልባጭ እንጨትና አንድ እፍኝ ብይ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1679 በኳሶች በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) የሚያሰላ መሣሪያ በጽሑፍ አስፍሯል። እዚህ የማስረዳው ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሚገኝ ዕቃ የሚሰራና ከ0 እስከ 15 የሚቆጥር ነው።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ለጀርባ ይሁን። ለተገልባጮቹ ዋንዛ ፈልጉ። ባሕር ዛፍ በየደጃችን ሞልቷል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ስራ አይሆንም።

ተገልባጩ ሁለት ክፍል አለው፦ 12 ሳንቲሜትር የሚሆን አግዳሚ ክንፍና ከመሃሉ ወደ ላይ የቆመ 8 ሳንቲሜትር እጅ። በኮላ አጣብቁና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። አራት ስሩ።

አሁን ቀዳዳው። ስራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ተገልባጩ የሚዞርበትን ቀዳዳ ክንፉና እጁ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ብሱ፤ ወደ እጁ ከፍ አታድርጉት። ክብደቱ ከቀዳዳው በላይ ሲሆን እንጨቱ መሃል ላይ መቆም አይችልም፤ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይወድቃል። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ግራ 0፣ ቀኝ 1። ቀዳዳው ከፍ ካለ ክብደቱ ወደ ታች ይሆንና እንደ ሚዛን ምላስ ሁልጊዜ ወደ መሃል ይመለሳል። መሃል የቆመ ተገልባጭ ምንም ቁጥር አይናገርም።

ለመዞሪያ ኩሽኔታ አትግዙ፤ ውድ ነው፣ ግራሶው አቧራ ይሰበስባል። የብስክሌት ራጂ ቆርጣችሁ ጀርባው ላይ ትከሉ፤ ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ባዶ የእስክሪብቶ ቀለም ቱቦ ክተቱ። ራጂው ሳይጠብቅ መግባት አለበት፤ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል።

ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ በታች ማቆሚያ ምስማር ምቱና የባና ቁራጭ ጠቅልሉበት። የመንዝ ባና ከገዛሁት ስፖንጅ ሁሉ ይበልጣል። ባዶ ምስማር ላይ ተገልባጩ ነጥሮ ይመለስና አንድ ብይ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ብዩ ክንፉ ላይ ተቀምጦ ከቀረ የእጁን ጫፍ በጥቂቱ ሞርዱ፤ አሁንም ከነጠረ ባናውን አወፍሩ። አንዱ ሳይስተካከል ወደ ሌላው አትለፉ።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ተገልባጭ ከላይ በቀኝ፣ ቀጣዮቹ ወደ ግራ እየወረዱ። ከኋላቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8 ብላችሁ በቀለም ጻፉ። እጁ ወደ ግራ ያዘመመ ከሆነ ብዩ በቀኝ ክንፍ ይወርዳል፣ ተገልባጩን ወደ 1 ይገለብጠዋል፣ መሰብሰቢያው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ብይ ሲመጣ እጁ ወደ ቀኝ ስላዘመመ በግራ ክንፍ ይወርዳል፤ ያንን ወደ 0 መልሶ በአሸንዳው ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ትምህርት ቤት «አንድ በእጅ» የምንለው ይኸው ነው። አሸንዳው ብዩን በቀጥታ ከቀጣዩ ተገልባጭ መሃል በላይ ማድረስ አለበት፤ ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ከወደቀ ይነጥራል።

ጀርባውን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ትንሽ አጋድሙት፤ አግድመቱን በውሃ ልክ አስተካክሉ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ተገልባጩን ብቻውን ይገለብጠዋልና ከግንብ ጥግ አድርጉት።

ሞተር አትግጠሙለት፤ በመስታወትም አትሸፍኑት። ሰው ራሱ ብዩን ይጣል። በገበያ ቀን አላፊ አግዳሚው አንድ አንድ ይጣልና መሣሪያው ሰዉን ይቁጠር፤ 5 ሰው ሲደርስ 4 እና 1 የተጻፈባቸው ብቻ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ሕፃናቱ ደምረው ይነግሯችኋል። አራቱም ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ 15 ነው። አስራ ስድስተኛው ብይ አራቱንም በተርታ ወደ 0 እየገለበጠ በግራ ይወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም «የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዳትቸኩሉ፤ በአራት ቦታ ከ15 በላይ መያዝ እንደማይቻል፣ ኮምፒውተርም ቦታ ሲያልቅበት ይኸው እንደሚገጥመው አስረዱ። ለዚህም ስትሉ ከታች በግራ ጥግ ባዶ ቦታ ተዉ፤ 16 የተጻፈበትን አምስተኛ ተገልባጭ እዚያው ፊታቸው ስትገጥሙ መሣሪያው እስከ 31 ይቆጥራል።