የራዲያተር ማኒኮቶ ሲያፈስ፦ ከምልክቱ እስከ ቅያሬው

ጠዋት መኪናው ከቆመበት ሲነሳ መሬቱ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ እርጥበት ካያችሁ፣ ወይም ራዲያተሩ በየሳምንቱ ውሃ ካስጨመራችሁ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ማኒኮቶዎቹ ናቸው። በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ውሃ የሚያመላልሱት ወፋፍራም ጎማዎች ማለቴ ነው። ሥራው ግቢ ውስጥ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ ያልቃል። ብዙ ሰው ግን «ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው፣ ውሃ እየጨመርኩ እነዳለሁ» ሲል ይከርምና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አጣሞ ጋራዥ ይገባል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ በጎማ ዋጋ ያልቅ የነበረው ነገር ሞተር እስከ ማስፈታት ይደርሳል።

ውሃ እየጨመሩ መንዳት የማያዋጣው ማኒኮቶው ከውሃው ጋር ግፊትም ስለሚይዝ ነው። የራዲያተራችሁን ክዳን ብታዩት አብዛኛውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለበት። ክዳኑ ግፊቱን እስከዚያ ድረስ አፍኖ ይይዛል። ግፊት እስካለ ድረስ ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ራሱ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ማኒኮቶ በቀጭኑ ቢሰነጠቅ፣ ውሃው ገና ሳያልቅ ግፊቱ ብቻ ጠፍቶ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል። ከተማ ውስጥ ምንም ያልታየበት መኪና አባይ በረሃ ወርዶ የደጀንን ዳገት ሲጀምር ኮፈኑ ሥር እንፋሎት የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ተወጥሮ ከተመለሰባችሁ ግፊት አለ፤ ክዳኑን አትንኩ። ትኩስ ክዳን ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ማየት ከባድ ነው። ዕቃ መፍታት ስትጀምሩ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድም ንቀሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን አንዳንድ መኪና ላይ ቁልፉ ጠፍቶም ቢሆን ድንገት ይነሳል፤ ጣት አይምርም።

ከየት ነው የሚያፈሰው?

መሬት ላይ ያረፈው ጠብታ ይዋሻል። ውሃው ከላይ ይጀምርና በማሰሪያው፣ በቧንቧው፣ በሻንሲው እየተንሸራተተ ሌላ ቦታ ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ፤ ከሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፤ ሞተሩን አስነስታችሁ አሙቁት። ከዚያ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እርጥበቱን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት። ከሁሉም በላይ የረጠበው ቦታ ነው ምንጩ።

ኤሲ ሲሠራ ከተሳፋሪው በኩል የሚንጠባጠብ ጥርት ያለ ሽታ የሌለው ውሃ ችግር አይደለም። ኩላንት (ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ቀለም ያለው ፈሳሽ) ግን ጣቶቻችሁ መካከል ስታሹት ያሟልጫል፤ ሽታውም ጣፋጭ ነው። ጣፋጩ ሽታ መኪናው ውስጥ ከመጣና የፊት ምንጣፉ ከረጠበ፣ ያፈሰሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሊሆን ስለሚችል ማኒኮቶ ቀይራችሁ አትደክሙ።

ሲቀዘቅዝ ያንጠባጥባል፣ ሲሞቅ ያቆማል

ይሄ የፋሼታ ችግር ነው። ፋሼታ ማኒኮቶውን አፉ ላይ የሚያስረው ብረት ነው። ጎማው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ማሰሪያው የላላ ከሆነ ውሃው መንገድ ያገኛል። ሲሞቅ ጎማው ያብጥና መልሶ ይደፍነዋል። በካቻቢቴ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ግማሽ ዙር ጨምሩለትና ሁለት ጠዋት ጠብቁ። በፒንሳ ተቆንጥጦ የሚከፈተው የስፕሪንግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ካለቀ ማስተካከያ የለውም፤ ይቀየራል።

የሚያፈሰው ሲሞቅ ብቻ ነው

አሁን ጎማው ራሱ ተሰንጥቋል። ቀዝቃዛ ሲሆን ስንጥቁ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲመጣ ይከፈታል። ከኮፈኑ ሥር «ፍስስ» የሚል ድምፅ ወይም ቀጭን እንፋሎት ታያላችሁ።

ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያለቀ ማኒኮቶ ብዙ ነው። ይህንን የሚለየው ጣት እንጂ ዓይን አይደለም። ቀዝቃዛ ሲሆን ከጫፉ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጡት። ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ሂዱበት። ደህና ጎማ በሁሉም ቦታ እኩል ይገፋል። ያለቀ ከሆነ ጣታችሁ ሥር በርዝመቱ የሄደ ቦይ ወይም ስንጥቅ ይሰማችኋል። መሃሉን ከዳሩ ጋር አወዳድሩት፤ ዳር ዳሩ ከለሰለሰ መቀየሪያው ደርሷል። ሲጨመቅ ደረቅ ቅጠል የረገጡ ያህል ከተንኮሻኮሸም ያው ነው።

ጠብታ የለም፣ አፉ ላይ ግን ነጭ ወይም ሮዝ ዱቄት ደርቋል

እያዣ ነው። ውሃው ሳይወርድ በሙቀቱ ይተንና ቅሪቱ ይቀራል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውሃ ሁልጊዜ የሚጎድልባችሁ ከሆነ ይህንን ፈልጉ።

አብጧል፣ ላስቲኩ ሊጥ ሆኗል

ዘይት ነክቶታል። የማኒኮቶ ጎማ ሙቅ ውሃን እንጂ ዘይትን አይችልም። ከላይ ከቴስታታው ክዳን የሚወርድ ዘይት ካለ መጀመሪያ እርሱን አስቁሙ፤ አለዚያ አዲሱም በወራት ውስጥ ይበላሻል።

ሲቀዘቅዝ ተጨምቆ ይጣበቃል

ማኒኮቶው ላይ አትፍረዱ። ውሃው ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንሳል፤ ያኔ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ከመጠባበቂያው ጠርሙስ ውሃ መመለስ ነበረባት። ከተጣበቀች ማኒኮቶው ይጠባል። ክዳኑን በዚያው ቁጥር ቀይሩ። ከጠርሙሱ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ አለመደፈኑንም እዩ።

መቀየር

መጀመሪያ ዕቃው። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ካልሆነ ፎቶውንና የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። አንድ ዓይነት ስም ያለው ቪትዝ ወይም ኮሮላ በሞተሩ ዓይነት ማኒኮቶው ይለያያል። አሮጌና አዲሱን ጎን ለጎን አስተያዩ፦ የአፉ ስፋት፣ መታጠፊያው፣ ርዝመቱ። ቀጥ ያለ ጎማ በግድ አጥፋችሁ አትግጠሙ፤ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና ውሃ ያንቃል። ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ማኒኮቶም አትግዙ። አንዱ በእርጅና ከሄደ ሌላውም እኩያው ነውና የላይና የታችኛውን አብራችሁ ቀይሩ። ፋሼታዎቹንም አዲስ አድርጉ።

ከራዲያተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ንጹሕ ሳፋ አስቀምጡና ውሃውን አውርዱ። ማፍሰሻው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ በእጅ ብቻ ፍቱት። የላይኛውን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ሁሉንም ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ከማኒኮቶው አፍ በታች ዝቅ ካለ ይበቃል። የወረደው ውሃ የዛገ ቡናማ ከሆነ ግን ሁሉንም አውጡና እስኪጠራ አጥቡት።

ፋሼታውን አላልታችሁ ወደ መሃል ግፉት። ከዚያ ማኒኮቶውን ግራ ቀኝ እያዟዟራችሁ ሳቡ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው። ጎማው ተጣብቆ እምቢ ሲል ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል ያምራል፤ ነገር ግን የዛሬ ራዲያተሮች አፋቸው ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል። ያኔ የራዲያተር ዋጋ ትከፍላላችሁ። ይልቁንስ አሮጌውን ጎማ በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቁትና ልጡት። ምላጩ የራዲያተሩን አፍ እንዳይጭር ቀስ በሉ። ጎማው እንደሆነ አይመለስም።

አፉን አጽዱ። የአሉሚኒየም ከሆነ የተጋገረውን ነጭ ነገር በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሱለት፤ ፕላስቲኩን በጨርቅ ብቻ። ተቦርቡሮ የተበላ ወይም የተሰነጠቀ አፍ ላይ ምንም ዓይነት አዲስ ማኒኮቶ አይይዝም።

ፋሼታዎቹን አስቀድማችሁ ማኒኮቶው ላይ አስገቡ። ውስጡን በኩላንት ወይም በሳሙና ውሃ አርጥቡት። ግሪስና ዘይት አትቀቡ። ሲልኮንም አያስፈልግም፤ ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል። አፉ ጫፍ ላይ ከፍ ያለ ቀለበት አለ። ማኒኮቶው ያንን ቀለበት በደንብ አልፎ ይግባ። ፋሼታው ከቀለበቱ ኋላ፣ ከጎማው ጫፍ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይታሰር። ቀለበቱ ላይ የተቀመጠ ፋሼታ ወይ ይንሸራተታል ወይ ጎማውን ይቆርጣል። ጎማው በፋሼታው ቀዳዳዎች መውጣት ከጀመረ ከልክ በላይ አጥብቃችኋል፤ አላሉት። የታሰረው ማኒኮቶ ፋኑንና ቺንጊያውን መንካት የለበትም።

ውሃ መሙላትና አየር ማስወጣት

ብዙ ቅያሬ የሚበላሸው እዚህ ነው። ውስጥ አየር ከቀረ ራዲያተሩ ሞልቶ እየታየ ሞተሩ ይፈላል።

የኩላንት ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ተበርዞ የተዘጋጀ ከሆነ እንዳለ ይገባል። ካልተበረዘ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። የተጣራ ውሃ ማደያ ላይ የባትሪ ውሃ ተብሎ ይሸጣል፤ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ። «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚሉ አሉ። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የውሃውን መፍያም ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱም እኛ አገር ያስፈልጋሉ። በቀለሙ ብቻ እየገመታችሁ ግን የተለያየ ዓይነት አታደባልቁ።

መኪናው ዳገት ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቢቆም ጥሩ ነው። የባትሪውን ገመድ መልሱ። የካቢኑን ማሞቂያ መጨረሻ ሙቀት ላይ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ በመሃል የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ፣ አረፋው ይወጣል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሱ፤ ፊታችሁን ግን ከአፉ አርቁ። ሲጎድል ጨምሩ። የላይኛው ማኒኮቶ ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይሞቃል፤ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ተከፈተ ማለት ነው። አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ዝጉ፣ ጠርሙሱንም በሁለቱ መስመሮች መካከል አድርሱት። ፋኑ አንዴ ተነስቶ እስኪያቆም ጠብቁ። ማሞቂያው ጥሩ ሙቀት ከሰጠ አየሩ ወጥቷል።

የላይኛው ማኒኮቶ ፈጽሞ ካልሞቀና የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ከሄደ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው አጥፉ። ከተጣበቀ መፍትሄው መቀየር ነው። አውጥቶ የመጣል ልማድ አለ፤ አልስማማበትም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በሚገባው ሙቀት አይሠራም፤ ቤንዚንም ይበላል።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን እዩ፤ በካቻቢቴ የሚጠብቁትን ፋሼታዎችም አንዴ ፈትሹ።

አዲሱም ካፈሰሰ

አፉን፣ ልኩንና የፋሼታውን ቦታ እዩ። እነዚህ ደህና ሆነው ማኒኮቶ እየደጋገመ የሚፈነዳ ከሆነ ይህንን ሞክሩ፦ ሌሊቱን ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱና የላይኛውን ማኒኮቶ ያዙ። ውሃው ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከጠነከረ፣ የተቃጠለው አየር በቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና ከሥሩ ባለው የሞተር ክፍል መካከል ያለው ማሸጊያ) በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ ከጭስ ማውጫው የማይጠፋ ነጭ ጭስ ይጨመርበታል። ይህ የግቢ ሥራ አይደለም፤ መካኒክ ጋ ውሰዱት፣ በጎታች ቢሆን ይመረጣል።

መንገድ ላይ ከፈነዳባችሁ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ሲበርድ ስንጥቁን አድርቃችሁ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ እየወጠራችሁ ጠምጥሙት። ውሃ ሙሉ፣ ክዳኑን ግፊቱ እንዳይበረታ አንድ እርከን ብቻ ዝጉ፣ መለኪያውን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ብቻ ሂዱ።

የወረደውን ኩላንት ደግሞ ሳፋው ላይ አታሳድሩት። መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃንም ውሻም ይጠጣዋል። ክዳን ባለው ጄሪካን አድርጋችሁ፣ ምን እንደሆነ ጽፋችሁበት፣ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።