ስም ለማዞር ስትሄዱ፦ ቀኑ ከየት ይቆጠራል?

በአዲስ አበባ የቤት ካርታና የስም ዝውውር ሥራ ወደ ክፍለ ከተማ ከወረደ ቆይቷል። ከአያት ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ መሀል ከተማ መንከራተት ቀንሷል። ቢሮው ቀረበ ማለት ግን ጉዳዩ ፈጠነ ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ፋይላችሁ የት እንዳለ አጣሩ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በ2014 መጨረሻ ደግሞ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል አንዳንዱ ሰፈር ጭራሽ ሌላ አስተዳደር ስር ገባ። ስለዚህ የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ማህደር ክፍል ጠይቁ። «አለ» ብቻ ካሏችሁ አትሂዱ፤ ወጥቶ እዩት። እኔ ሦስት ሳምንት ስመላለስ ፋይሉ ከድሮው ቢሮ መደርደሪያ አልተነሳም ነበር።

ቀጥሎ ስም። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው ያለቀሰበት ነው። ካርታው ላይ «ፀሐይ»፣ መታወቂያው ላይ «ጸሃይ» ይላል እንበል። ለእኛ አንድ ሴት ናት፤ መስኮቱ ጋ ግን ሁለት ሰው ልትሆን ትችላለች። የአያት ስም ከጎደለማ አለቀ። ካርታውን፣ መታወቂያውንና የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ከዚያ የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር እስከ ዘንድሮ ተከፍሎ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ይጣራል። የባንክ ብድር ወይም የፍርድ ቤት እግድ ካለበት እዚያው ይቆማል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቢጣራ ይሻላል። የሽያጩን ውል ሻጭና ገዢ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ቀርበው ይፈርማሉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስትም ይፈለጋሉ።

አሁን ወደ ቀኑ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ፎቶ አንሱ። ለየአገልግሎቱ ምን መሟላት እንዳለበትና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይናገራል። ቆጠራው የሚያስተማምነው ግን ሰነዱ ተሟልቶ መዝገብ ቤት ቁጥር ሲሰጠው ነው። «ጥላችሁት ሂዱ» ከተባላችሁ ገና አልገባም። ቁጥሩንና ቀኑን በኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ። ደላላው «እኔ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ» ቢል ኦርጅናል ካርታ እንዳትሰጡት።

ቀኑ አልፎ «ሲስተም የለም» ከተባላችሁ መጀመሪያ ቡድን መሪውን አናግሩ። ካልሆነ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ አስገቡ፤ የእናንተው ኮፒ ላይም «ገቢ» ማህተም አስመቱ።