ማኪንቶሽ ፕላስ የውጭውን ስካዚ ዲስክ አላየሁም ሲል

በአፕሉ ማኪንቶሽ ፕላስ ኮምፒውተር ላይ «ሞቷል» የሚባል ዲስክ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የጎደለው 5 ቮልት ነው። ስካዚ፣ ማለትም ዲስክና ሌላ ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ተርሚኔተር (የመስመር መዝጊያ ሬዚስተሮች) ይፈልጋል፤ ከሌለ ምልክቱ ከገመዱ ጫፍ ተመልሶ መረጃውን ያበላሻል። ተርሚኔተሩ ራሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ማኪንቶሽ ኤስኢና ከእሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ማኮች ይህን በሶኬታቸው ይሰጣሉ፤ የ1986ቱ ፕላስ ግን አይሰጥም። ኤስኢ ላይ የሠራ ዲስክ ፕላስ ላይ የሚሰወረው ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከዲስኩ መምጣት አለበት።

መለካቱ ቀላል ነው። ሁለቱንም አጥፍተው ገመዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉና ዲስኩን ብቻ ያብሩ። በተነቀለው ባለ 25 እግር ጫፍ ላይ የቮልት መለኪያውን ቀይ ጫፍ 25ኛው እግር ላይ፣ ጥቁሩን የሶኬቱ ብረት ጠርዝ ላይ ያድርጉ። ጎረቤቱ 24ኛው ግራውንድ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይነኩ፤ በዲስኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፊውዝ ትቃጠላለች። ንባቡ ከ4.25 እስከ 5.25 ቮልት ከሆነ ይህ ደህና ነው። ዜሮ ከሆነ ፊውዙን፣ ዳዮዱን ወይም ዲስኩ ላይ ያለውን የተርሚኔተር ኃይል ጃምፐር (ሁለት እግር የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) ይፈትሹ። ገመዱም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል፦ የፒሲ ፕሪንተር ገመድ ሶኬቱ ልክ ቢሆንም ሽቦዎቹ ሁልጊዜ ሙሉ አይደሉም።

ቮልቱ ካለ የዲስኩን የስካዚ መለያ ቁጥር ይዩ። 7 የኮምፒውተሩ የራሱ ነው፤ ከ0 እስከ 6 ነፃ ነው። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም ሊጠፉ ወይም ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል። ጃምፐሮቹ 1፣ 2 እና 4 ማለት ናቸው፤ 1 እና 4 ላይ ክዳን ካለ ቁጥሩ 5 ነው። ከቀየሩ በኋላ ዲስኩን አጥፍተው ያብሩ።

የማብራት ቅደም ተከተልም አለው፦ መጀመሪያ ዲስኩ፣ የመሽከርከር ድምፁ ሲረጋ ማኩ። እየሠራ ገመድ አይስኩ፣ አይንቀሉ። ዲስኩ ጨርሶ ካልዞረ ግን ጉዳዩ የስካዚ ሳይሆን የኃይል አቅርቦቱ ወይም የተጣበቀ የማንበቢያ ራስ ነው።

በነገራችን ላይ የዲስኩ ስም ኤችዲ 20 ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ እሱ በፍሎፒ ሶኬት ነው የሚሰካው። ስካዚው ኤችዲ 20ኤስሲ ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ ዲስኩ ዴስክቶፕ ላይ ካልወጣ ስካዚፕሮብን፣ ማለትም በስካዚ መስመሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ፕሮግራም፣ ይክፈቱ። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ከታየ ሽቦው ሠርቷል፤ የቀረው ሾፌሩ (ማኩ ዲስኩን እንዲጠቀምበት የሚያደርገው ሶፍትዌር) ነው፤ እዚያው «ማውንት» የሚለውን ይሞክሩ። የአፕል የዲስክ ማዘጋጃ ፕሮግራም ኤችዲ ኤስሲ ሴትአፕ የአፕል ያልሆነ ዲስክ አይቀበልም፤ የተስተካከለውን ቅጂ ወይም ሊዶ የተባለውን ሌላ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ማኩ ዲስኩን ላዘጋጀው ወይ ብሎ ቢጠይቅና ውስጡ የሚፈልጉት ፋይል ካለ «ካንስል» ይበሉ፤ እሺ ካሉት ይጠርገዋል።